የሐመድ ዕድሜ ኤክስ ይሁን

ኑ እስቲ፣ ወደ ማንጎው ጥላ ጠጋ በሉ። ሥራ ያለበት ሥራውን እንደያዘ ይቀመጥ፤ ጆሮውን ብቻ ያውሰኝ። ልጅ የታቀፈችም ብትኖር ታጥባው፣ እዚህ የሚያሳፍራት የለም። እንዲያውም ወሬዬ የሚነሳው ከጡት ወተት ነው።

ጣሂራ የምትባል የአሶሳ ልጅ አለች። አያቶቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ እስከ አሁን ጉልበቷ ላይ አለ። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ከእናቷ ከዘነቡ ጋር ሁለቱ ብቻ ነው የሚኖሩት።

ጣሂራ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ ከሁሉም አብልጠው የሚፈሩት የዕድሜ ጥያቄ የሚሉትን ነው። «አባት የልጁን አራት እጥፍ ዕድሜ አለው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ግን…» የሚለውን ዓይነት። «ከስድስት ዓመት በፊት» የምትለዋን ሲሰሙ ገና ፊታቸው ይጠቁራል። እሷ ትስቅባቸዋለች።

«የማታውቁት ሰው ቤታችሁ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? ስምህ ማነው ነው የምትሉት። ይሄም እንግዳ ነው። ዕድሜው ኤክስ ይሁን በሉት። ስም የወጣለት ነገር አያስፈራም።»

እንዲህ ባይዋ ራሷ ናት እንግዲህ ለዚያች ኤክስ የተንቀጠቀጠችላት።

ሐመድ ከአሶሳ ማዶ የሆሞሻ ልጅ ነው፤ ብሔሩ በርታ። በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ የሰው ከብትና ፍየል ያክማል። የተዋወቁት የዘነቡ ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ሲጠራ ነው። መርፌውን ሲወጋ ዓይኑ ፍየሏ ላይ አልነበረም አሉ። ለዚህ ምስክሯ ራሷ ፍየሏ ናት፤ በእርግጫ ብላ ጥላዋለች። ጣሂራ ሳቀች። እሱ ከመሬት ሳይነሳ ቀና ብሎ አያት። በቃ፣ እዚያች ላይ ተያዙ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተቃጠሩ፣ ተኳረፉ፣ ታረቁ። በእሷ ሰፈር «ደግሞ ለበርታ?» ተባለ። በእሱ ሰፈር «የሰፋሪ ልጅ ነገ ወደ አገሬ ልሂድ ብትልህስ?» ተባለ። ያን ሰሞን መንገዱም የሰው ልብም ሰላም አልነበረውም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን ሁሉ ሌላ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ግን አልላቀቅ አሉ። በመጨረሻ ሁለቱም ቤት ተረታ፤ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌ መጣ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ሐመድን ያሳደገችው አያቱ ከልቱማ ነበረች። ሐቦባ ነው የሚሏት፤ በእነሱ ዘንድ አያት ማለት ነው። ሰላምታው አለቀ፤ የመጡበት ተነገረ፤ የሰፈሩ ሼህም ፋቲሓ ብለው ነገሩን ሊያስሩ እጃቸውን አነሱ። ዘነቡ በመሃል የእጅ ውሃ ይዛ ጎንበስ ስትል፣ ሐቦባ ከልቱማ ውሃውን ትታ አገጯን ያዘቻት። የዘነቡ አገጭ ላይ የልጅነት ንቅሳት አለ።

«እኔ ይሄ ሴትዮ ያውቃል» አለች አሮጊቷ። «ሆስፒታል ግቢ። የሐመድ እናት ታሞ፣ እኔ ልጅ ይዞ እያለቀስ… ይሄ ሴትዮ ነው የኔን ልጅ ያጠባ። ሐመድን ያጠባ!»

አሮጊቷ በደስታ ነው የተናገረችው። ውለታ ያገኘች ሰው ደስታ። ሳቅ ብላ ዙሪያዋን ስታይ ግን አብሯት የሚስቅ አጣች። ሼሁ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ መለሱ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረችው ጣሂራ ምን እንደተባለ ገባት፤ ቤቱም ግድግዳውም አብሮ የፈራ መሰላት።

*

የጡት ልጅ ልጅ ነው። አንዲት ሴት ያጠባችው ወንድ የወለደቻትን ማግባት አይችልም፤ እህቱ ናት። ይሄን ሙስሊሙ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማስረዳት አያሻኝም። ሼሁም የተናገሩት ከዚሁ ነው።

«አትደንግጡ፤ አትቸኩሉም ደግሞ። ሲጠባ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከነበረ ዘነቡ እናቱ ናት፣ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ዓመት ካለፈው ግን እንደ በላው ምግብ ነው፣ ዝምድና አይሆንም። የልጁን ዕድሜ ይዛችሁልኝ ኑ።»

ዕድሜ ይዛችሁ ኑ! ማን የያዘውን ዕድሜ? በእኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ክንዱን በአናቱ ላይ አዙሮ ማዶ ጆሮውን ሲነካ ነው። ጆሮውን ከነካ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ካልነካ ለከርሞ። የሐመድ መታወቂያ መስከረም አንድ፣ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ይላል። በዚያ ከተሄደ፣ ሲጠባ የዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው።

«እሱ የጸሐፊው ልደት ነው እንጂ የኔ አይደለም» አለ ሐመድ፣ ጣሂራን ሊያስቃት ፈልጎ። «ከክፍላችን ግማሹ መስከረም አንድ ነው የተወለደው። ያቺ አዋላጅ ያን ቀን ምን ያህል ደክሟት ይሆን?»

ጣሂራ ልትስቅ ብላ ከንፈሯ እምቢ አላት።

ለሦስቱ፣ ለእናቷ፣ ለአሮጊቷና ለሐመድ ጥያቄዋን አቀረበች። ዘነቡ የምታውቀው ይሄን ነው፤ ዘጠና ሁለት፣ ኅዳር። ጣሂራ የአምስት ወር ሕፃን ሆና በጀርባዋ ታዝላ፣ ዘነቡ ሆስፒታል ባሏን ታስታምም ነበር። አንዲት የበርታ ሴት የከሳ ልጅ ታቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጁ ምግብ እምቢ ብሏል። ዘነቡ ልጇን ወደ አንዱ ጎን አሸሸችና ሌላውን ጡት ለእሱ ሰጠች። ሳምንት ያህል አጠባችው። ከዚያ የልጁ እናት ሞተች፤ ሬሳዋን ይዘው ሲሄዱ ስም እንኳ ሳይለዋወጡ ቀሩ።

«ስንት ዓመት ይሆነው ነበር፣ እማ?»

ዘነቡ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «የታመመ ልጅ ዕድሜው ይታወቃል? ታቅፈውት ነበር።»

ሐቦባ ከልቱማ ደግሞ በክረምት ነው የምትቆጥረው። የሐመድ ታላቅ እህት ሲቲና የተወለደችው ደርግ በወደቀ በክረምቱ ነው፤ ያን የሚረሳ የለም። ስለዚህ ልጁ ሲጠባ ሲቲና ዘጠኝ ክረምት አይታለች። የሐመድን ግን አሮጊቷ አልያዘችም። የያዘችው ሌላ ነገር ነው። እሷ ቤት ልማድ ነበር፤ ለዒድ ከሱዳን የመጣ ቴምር ታድላለች፣ ለያንዳንዱ ልጅ ባየው ክረምት ልክ። ምራቷ ከሞተች ወዲህ ሐዘን ላይ ስለነበረች ማደሉን ተወችው። ልጁ ከጠባ ልክ ሦስት ዓመት ሲሞላ በመጣው ዒድ ነው እንደገና የጀመረችው።

«ሐመድ ቴምሩን መሬት ደረደረ» አለች። «የሲቲና ደግሞ ጎን ለጎን ደረደረ። የሐመድ አለቀ። የሲቲና ሌላ ያን ያህል ቀረ። ልክ ያን ያህል! ልጁ አለቀሰ፣ አለቀሰ። "ሐቦባ ሲቲናን ሁለት ጊዜ ይወዳል" አለኝ።»

እጥፍ። ያቺ ናት የተገኘችው።

ጣሂራ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተቀመጠች። የዚያን ጊዜ የሐመድ ዕድሜ ኤክስ ይሁን አለች። ስም የወጣለት አያስፈራም ያለችው ልጅ፣ ያቺን ኤክስ ጽፋ አጠፋቻት፣ ደግማ ጻፈቻት። ሲቲና ዘጠኝ። ሐመድ፣ ሦስት ዓመት ሲያልፍ፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት። የሲቲና የእሱ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ እኩል ይሆናል ሁለት ጊዜ፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት። ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት። ዘጠኝ ሲቀነስ ስድስት፣ ሦስት። ለሁለት ሲካፈል…

አንድ ተኩል።

አንድ ዓመት ተኩል።

አልጮኸችም። ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ቀስ ብላ ተነሳች። ለተማሪዎቿ ሁልጊዜ «መልሱን መልሳችሁ አስገቡና አረጋግጡ» እያለች የምታስጨንቃቸው መምህርት፣ ያን ጊዜ ማረጋገጥ ማለት የሞተውን ደግሞ መግደል መሰላት። የፈራ ሰው እንዲያ ነው ልጆቼ፤ የፈራውን ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

ስልኳን አንስታ ጻፈችለት። «ወንድሜ ሐመድ። አስልቼዋለሁ። ስትጠባ አንድ ዓመት ተኩል ነበርክ። ከእንግዲህ አትደውልልኝ። እህትህ ጣሂራ።»

«እህትህ» የምትለዋን ስትጽፍ ያን ሁለት ዓመት በሙሉ በገዛ እጇ የቀበረች መሰላት።

*

መልስ አልመጣም። አንድ ቀን አለፈ፤ ሌላም ቀን። ስልኩ ሲጮህ ትፈራለች፤ ካልጮኸም ትፈራለች። ክፍል ገብታ «አስራ አንድ ሲደመር…» ብላ ትቆማለች፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቤት ስትገባ ደግሞ የባሰው ይጠብቃታል። ዘነቡ ተለውጣለች።

«አብሽሪ የኔ ዓለም» ትላታለች እያቀፈች። «ባል ይገኛል። አላህ ወንድም ነው የሰጠሽ። እኔስ ወንድ ልጅ አልወለድኩ፤ ይኸው በስተርጅና ልጅ አገኘሁ። ሐመዴ ልጄ!»

ጣሂራ የእናቷን ፊት አየች። አፏ ደስ ብሎታል፤ ዓይኗ ግን ሸሸ። ለምን እንደሸሸ ለማሰብ ጉልበት አልነበራትም።

ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቹ ወጥተው ሰሌዳ ስትጠርግ የሞተር ድምፅ ግቢው ውስጥ ገባና ጠፋ። ድምፁን ታውቀዋለች። ማጥፊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሐመድ የሞተር ቆቡን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አቧራ ቅንድቡን ሳይቀር አልብሶታል።

«ሰላም፣ እህቴ» አለ።

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባት። «እንዲህ አትበለኝ።»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ። በሁለት መስመር።» ገባ አለ፤ ግን አልቀረባትም። «ጣሂራ፣ ልለምንሽ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ በእውነት ንገሪኝ። ቤትሽ የበርታ ልጅ አንፈልግም ካለ፣ እንዲያው በደረቁ በዪኝ። ስሰማው ኖሬያለሁ፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ይሄን ነው። በጠመኔ እህቴ አትሁኚብኝ።»

«ቤቴ? እናቴ እኮ ልጄ እያለችህ በደስታ ታለቅሳለች! ይሄን ሁሉ ቀን እኔን ስትጠረጥር ነበር?»

«ታዲያ ለምን ፊቴ ላይ አልነገርሽኝም?»

«ፈራኋ!» ድምጿ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ። «ፊትህን ካየሁ ሐራሙንም እረሳዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ራሴን ነው የፈራሁት፣ አንተን አይደለም።»

ሐመድ ቆቡን ዴስክ ላይ አስቀመጠ። ቁጣው ከፊቱ ላይ እንደ አቧራው ረገፈ፤ ከሥሩ የቀረው ልክ እንደ እሷው ፍርሃት ነበር። ዞሮ የተማሪ ዴስክ ውስጥ ገባና ተቀመጠ። ጉልበቱ አልገባ ብሎት ወደ ጎን አጣጠፈው።

«አሳዪኝ» አለ። «እንደ ተማሪሽ ልየው። የገደለኝን ልወቀው።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ከብት እንኳ ሲሞትብኝ ሆዱን ከፍቼ ሳላይ አልቀብርም። ጻፊ።»

ጻፈች። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረባት። ዘጠኝ እኩል ሁለት ጊዜ፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት። መስመር በመስመር ወረደች፣ ከታች አንድ ተኩል ላይ ደረሰችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳደረገች ቀረች።

«እሺ» አለ ከኋላዋ። «አንድ ተኩል ነበርኩ። ሦስት ዓመት አለፈ፤ ስንት ሆንኩ?»

«አራት ተኩል።»

«ስለዚህ ሐቦባ ለዒድ የሰጠችኝ ቴምር አራት ተኩል ነው?»

«አዎ። አራት…» አለችና ቆመች።

«ሐቦባን አታውቂያትም እንጂ» አለ ሐመድ፣ ሊቀልድ እየሞከረ። «የኔ ሐቦባ ቴምር ልትቆርጥ? ፍሬውን እንኳ ቆጥራ ነው የምትቀበለን። ግማሽ ቴምር ሰጥታ የምታውቀው ሰው ካለ ዛሬ ያሳዩኝ።»

ጣሂራ ሳቅ አመለጣት። ግማሽ ክረምት ማን ቆጠረ? የሆነ ቦታ ተሳስታለች። ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች አየችው፤ ለሁለት ማካፈሉ ልክ ነው፤ መቀነሱ ልክ ነው፤ ማባዛቱ ልክ ነው። ስህተቱ ወደየት እንደሚወስዳት አታውቅም፤ ወደ እሱ ነው ወይስ ይብሱን ወደ ማዶ? ጣቷን አንስታ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስታሳርፍ፣ ዘጠኟ ብቻዋን ቆማ አየቻት።

«ሲቲና» አለች በሹክሹክታ።

«ሲቲና ምን ሆነች?»

«ሐመድ፣ ሲቲናን ረሳኋት! ሦስቱን ዓመት ላንተ ብቻ ሰጠሁህ። እሷን ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እንዳቆምኳት አንተን ብቻ እያየሁ ሄድኩ። እሷም እኮ አድጋለች!» ዘጠኟን በመዳፏ ጠረገቻት። ዘጠኝ ሲደመር ሦስት ጻፈች፤ አስራ ሁለት። «አስራ ሁለት እኩል ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት። ስድስት ቀረ። ለሁለት…»

መጻፍ አቃታት። ከዴስኩ ተነስቶ አጠገቧ መጣና ጠመኔውን ከእጇ ወሰደ። ሦስት ብሎ እሱ ጻፈው።

«አስገባው» አለች ዓይኗን ጨፍና። «መልሰህ አስገባው። ስለፈለግኩ እንዳይሆን እንዲህ የሆነው። ፈራሁ።»

ሐመድ አላሰላም። ስድስት ጭረት ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ አሰመረ፤ ከሥሩ አስራ ሁለት። የላይኛው ረድፍ አለቀ፤ የታችኛው ሌላ ያን ያህል ቀረ። ልክ ያን ያህል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ያለቀሰበት ቴምር እዚያ ተደርድሮ ነበር።

እጅ ለእጅ አልተያያዙም። አሁንም አልደፈሩም። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲያዳምጡ፣ ፍርሃቱ ያልሄደ፣ ይልቁንም ከተስፋ ጋር አብሮ የገባ መሰላቸው፤ ተስፋ ያለው ፍርሃት ደግሞ ከተስፋ ቢሱ ይብሳል።

*

ዘነቡ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። ሁለቱን አብረው ስታይ ብድግ አለች።

«ልጄ መጣ! ማሻአላህ፣ ልጄ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

ጣሂራ እግሯ ወደ ኋላ አለባት። ይሄን መልስ ለእናቷ ማቅረብ ልጇን ከእቅፏ መንጠቅ ሆኖ ተሰማት። ግን ተናገረች። ሲቲናን እንዴት እንደረሳች፣ እንዴት እንዳገኘቻት። «ሦስት ክረምት ያየ ልጅ ነበር፣ እማ። ሁለት ዓመት አልፎታል።»

የዘነቡ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሦስት?»

«ሦስት።»

ዘነቡ ስትናገር የኦቾሎኒውን ገለፈት እንጂ ማንንም አታይም።

«ያን ቀን ስትጠይቂኝ አልዋሸሁሽም፣ ጣሂራ። ዝም ነው ያልኩት። ያ ልጅ ይናገር ነበር።»

«ምን?»

«ሲጠባ ቆየና አፉን አነሳ። ቀና ብሎ አየኝና በቋንቋቸው አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም። አያቱን ምን ይላል አልኳት። "አንቺስ በላሽ ወይ ነው የሚልሽ" አለችኝ።» ገለፈቱን በእጇ ሰበሰበች። «አንድ ዓመት ተኩል ያለው ልጅ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። አውቃለሁ። ስትጠይቂኝ ያኔውኑ ታውሶኝ ነበር።»

«እማ፣ እኔ እዚህ ሞቼ ነበር። ዓይንሽ ሥር ሞቼ ነበር!»

«አየሁሽ። እያየሁሽ ነው ዝም ያልኩት።» ዘነቡ ቀና አለች፤ ፊቷ እንባ በእንባ ነው። «ፈራሁ ልጄ። ሆሞሻ ይወስድሻል። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን የከፋ ወሬ ይመጣል። ስልክሽን እየጠበቅኩ ማርጀቴ ታየኝ። ልጄ ከሆነ ግን እሱም ይመጣል፣ አንቺም አትሄጂብኝም። ሁለታችሁንም ላስቀር ነበር። ክፉ ነኝ፣ ምን ልበልሽ? ብቻዬን መቅረት አስፈራኝ።»

ጣሂራ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን እናቷን ስታያት፣ በዚያ ቤት ውስጥ የፈራችው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ገባት። ቁጣው የት እንደገባ ሳታውቅ አጣችው።

ሐመድ ግን ሌላ ነገር ይዞታል። ዘነቡ ፊት ተንበርክኮ ነበር።

«እማ ዘነቡ፣ ስታጠቢኝ… እናቴ በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች እንጂ።»

«አይተሻታል?»

«በመስኮት ትታየኝ ነበር። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው። ምግብ ያዝክ ሲሏት አንገቷን አቅንታ አየችህ። ከዚያ ወደ እኔ አየችና፣ እጇን እንዲህ ደረቷ ላይ አደረገችው።» ዘነቡ መዳፏን ደረቷ ላይ አኖረች። «ሌላ አልቻለችም። ፊቷ የአንተው ነው፤ ዓይኗ እንዲህ ትልቅ።»

ሐመድ እናቱን በጭራሽ አያስታውሳትም፤ ፎቶግራፍም የላትም። ግንባሩን ዘነቡ ጉልበት ላይ ደፋና እንደ ሦስት ዓመት ልጅ አለቀሰ። ዘነቡ እጇን ራሱ ላይ ልታደርግ አነሳችና አየር ላይ አቆመችው። ልጄ ልትለው የምትችልበት ቀን ያለፈ መሰላት። እሱ ነው እጇን ይዞ ያወረደው።

ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ነጠላዋን አመቻቸች።

«ተነሱ። ሼሁ ዘንድ እንሂድ። ቃሉን የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እኔው አወጣዋለሁ።»

ሄዱ። ዘነቡ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ። ሼሁ በሩ ላይ ወጥተው ተቀበሏት። ሁሉንም በቆመችበት ተናገረች፤ ቋንቋውን፣ ጥያቄውን፣ ዝም ማለቷንም ሳትቀንስ። ሼሁ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ሐቦባ ከልቱማን በስልክ ጠየቋት። አሮጊቷ ከዚያ ማዶ ጮኸች፤ «አዎ፣ ልጅ ተናገረ! በላሽ ወይ አለ! እናንተ አልጠየቀኝም!» ሼሁ ስልኩን ዘጉና ልጆቹን ተራ በተራ አዩአቸው።

«ሦስት ክረምት ያየ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎታል። የጠባው ርኅራኄ ነው። ጋብቻው ይሁን» አሉ።

ጣሂራ ደስታው ወዲያው አልመጣላትም። ይህን ያህል ቀን የፈራ ልብ «ይሁን» ሲሉት ቶሎ አያምንም። መጀመሪያ የተሰማት የእናቷ እጅ ነው። ዘነቡ ሳታውቀው የልጇን ጣት ይዛ ነበር፤ ግን አልጨበጠችም፣ አልጎተተችም። ቀስ አድርጋ፣ አንድ አንድ ጣት እያላቀቀች፣ ልጇን ለቀቀቻት።

ሠርጉ ሲደረግ ዘፋኙ ሙሽሮቹን ያወድሳል፤ የሁለቱንም ስም ማንም አይረሳውም። እናንተ ግን ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ብቻዋን መቅረት እያስፈራት ወደ ሼሁ በር ቀድማ የሄደችውን ዘነቡን አስቡልኝ። አደራ፣ ስሟን አንዳንዴ አንሡልኝ።